የቆሎ ተማሪ ጓዝ

የቆሎ ተማሪ ጓዝ በአንድ ትከሻ የሚያልቅ ነው። ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ የውኃ ቅል፣ በትር፤ የደላው ከሆነ ደግሞ በማኅደር የገባ ዳዊት። ይህን ይዞ ወንዝ የሚሻገረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ነበር። ብቻውን ይወጣል፣ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም፣ ሲነሣ በእርግጠኝነት የሚያውቀው የመጀመሪያውን ጉባኤ ቤት ስም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚወስኑት የመምህር ዝና፣ የእህል ሁኔታ፣ የወንዝ ሙላትና የጤና ነገር ናቸው። ዛሬ ቦርሳ አዝለው በየብስ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ስንት ኪሎ ልሸከም ብለው ሲጨነቁ ይታያል። ተማሪው ይህን እንቆቅልሽ ቀደም ብሎ ፈትቶት ነበር፦ ምግቡን በማያውቀው ሰው ቤት፣ መጽሐፉን በራሱ ጭንቅላት አስቀምጦ የተረፈውን ብቻ ይሸከማል።

ጉዞው የሚረዝመው ትምህርቱ በአንድ ቦታ ስለማያልቅ ነው። ፊደልና ዳዊት በሰፈር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ድጓ ለማስመስከር ግን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሽሬ ደብረ ዓባይ፣ ለአቋቋም ጎንደር መሄድ ያስፈልጋል። ቅኔ የሚፈልግ ጎንጅ ነው፣ ዋሸራ ነው ወይስ ዋድላ ብሎ ይመርጣል፤ ሦስቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲደመር ጎጃምን፣ ቤጌምድርን፣ ላስታንና ትግራይን የሚያካልል ዙር ነው፤ ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው ዕድሜው በመንገድና በጉባኤ ያልቃል። ከመካከሉ አንዱ ቦታ ላይ አግብቶ ወይም መንኩሶ የቀረው ብዙ ነው።

ስለዚህ ኑሮ በጽሑፍ ከቀሩት ትዝታዎች የታወቀው፣ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ሰምተው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በወጣው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ ደራሲው ራሳቸው በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ያለፉ ነበሩ። ስለ ጓዙ አሰነዳድ ያለው ዕውቀት ግን ይበልጡን በአፍ የቀረ፣ ሽማግሌ ካህናት ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሲጫወቱ የሚነሣ ነው።

መነሻው ከመስቀል በኋላ ነው። ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው እግር ይበላል፣ ከሁሉ ይልቅ ጎተራ ይራቆታል። ሐምሌና ነሐሴ ለባለቤቱም እየተሰፈረ የሚበላበት ወራት ስለሆነ ደጅ የቆመ ተማሪ ፊት ማየት ይከብዳል። ከጥቅምት ወዲህ እሸት ይደርሳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ አውድማ ላይ ያለ ገበሬ እጁ አይታጠፍም። ደግሞም ወቅቱ ትልልቅ ንግሦች የሚውሉበት ነው። መስከረም 21 ግሸን፣ ኅዳር 21 አክሱም ሰው ከየአቅጣጫው ሲሰበሰብ ወሬ ይገኛል፦ የትኛው መምህር ዐረፉ፣ የማን ጉባኤ ተፈታ፣ የትኛውን አገር አንበጣ በላው፣ የት በሽታ ገባ። ለተማሪ እንዲህ ያለ ወሬ ከስንቅ አያንስም፤ አንድ ወር ተጉዞ የፈለጋቸው የኔታ በሕይወት እንደሌሉ ሲሰማ አቅጣጫውን እዚያው ይለውጣል። ተራው እንዲህ የሚዛባበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ የትምህርቱን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ቆርጦ የሚወጣ እምብዛም አልነበረም።

ቤት መልቀቁ ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። የአባት ፈቃድ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከብት የሚጠብቅ፣ ኋላም ሞፈር የሚይዝ ልጅ ሲጠፋ የሚጎዳው ቤቱ ነው። ስለዚህ ጠፍቶ መሄድ የተለመደ ነበር። ልጁ ከብቱን ወደ በረት ያስገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ዶሮ ሳይጮኽ ይወጣል። አባት ተከታትሎ እንዳይመልሰው በደረሰበት ጉባኤ ስሙንና አገሩን ለውጦ የሚናገርም ነበር፤ የአንዳንዱ የመንገድ ስም እንደ ወጣ ቀርቶ መሪጌታ እገሌ የተባለው በዚያው ነው። እናት ግን ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ከሳምንት በፊት ገብስ ስትፈትግ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ የዚያ ዘመን አባወራ ሙቀጫ ውስጥ ያለውን አያይም። በፈቃድ የሚወጣው ጦቢያን የመራው ቅዱስ ሩፋኤል እንዲመራው ተመርቆ፣ ጎረቤት እስከ ወንዙ ሸኝቶት ይሄዳል። እንዲህ የሚሆንለት ዕድለኛ ነው።

ስንቁ በሶ ነው። ገብሱ መጀመሪያ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ገለባው ተነፍሶ ይለያል፣ ደርቆ በምጣድ ይቆላል። የባለሙያ እጅ የሚታወቀው ቆላው ላይ ነው፦ ካረረ ይመራል፣ ካልበሰለ ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ፍሬው መፈንዳት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ይወርዳል፤ ሲበርድ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፣ ጨው ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ወዲያ እሳትም ድስትም አይፈልግም። ተማሪው ምንጭ ዳር ተቀምጦ እፍኝ በሶ በመዳፉ ይይዝና ውኃ ጠብ እያደረገ ይለውሰዋል፤ ሲጨብጠው ሲይዝለት ይጎርሳል። ከቸኮለ በቅሉ በጥብጦ ይጠጣዋል። ለሳምንት የሚሆነው በሶ ከአንዲት ትንሽ ስልቻ አያልፍም። ቅቤ ያለው ቤት ጭኮ ያደርግለታል፤ ጭኮ ግን ረቡዕና ዓርብ አይነካም፣ በጾም ወራትም ሸክም ብቻ ይሆናል። ዳቦ ቆሎም ይያዛል፣ ነገር ግን ልጅ የያዘው ዳቦ ቆሎ ሁለት ቀን አያድርም፤ እየሄደ እየቆረጠመ ይጨርሰዋል። የበሶ ትልቁ ጥቅም ብዙ አለመጣፈጡ ነው።

ይህ ስንቅ ለጉዞው ሁሉ የታሰበ አይደለም። የሚሰናዳው የሚያውቁት ሰዎች አገር እስኪያልቅ ድረስ ነው። የአባቱን ስም በሚያውቅ ደጅ ቆሞ መለመን ለቤተሰቡ ውርደት ስለሚሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከማንም ሳይጠይቅ ማለፍ አለበት። ሦስት ወይም አራት ቀን ሄዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ የማን ልጅ ነህ ቢሉት መልሱ ለማንም ትርጉም የማይሰጥበት አገር ሲደርስ ስልቻው ባዶ መሆኑ አያስጨንቀውም።

ልብሱ ደበሎ ነው። የታረደ በግ ቆዳ ተወጥሮ ይደርቃል፣ በሥጋው በኩል ያለው ይፋቃል፣ በእጅ እየታሸ ይለፋል። ቀን ትከሻ ላይ ይጣላል፤ ሌሊት ምንጣፍም ብርድ ልብስም ይሆናል። ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ቁንጫውና ቅማሉ ደግሞ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ቢሆንም ደህና ጋቢ ለብሶ ሊወጣ የሚሰናዳ ልጅ ካለ የሚያውቅ ሰው አውልቆ እንዲተወው ይመክረዋል። ጋቢ የሌባ ዓይን ይስባል፤ ደጅ ላይ ደግሞ ጋቢ ለብሶ ለሚለምን አይታዘንም። ደበሎ የተማሪ መታወቂያ ነው። ከሩቅ ያየው ሁሉ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ሽፍታም ቢሆን ከደበሎ ለባሽ የሚወስደው እንደሌለ ያውቃል።

አኩፋዳው ከሰሌን ወይም ከሣር የተሠራ፣ በማንገቻ ከትከሻ የሚንጠለጠል ነው። የተለመነው ሁሉ እዚያ ይገባል፦ የጤፍ እንጀራ፣ የማሽላ ቂጣ፣ የባቄላ ቆሎ፣ እፍኝ ንፍሮ። ስፌቱ አየር ስለሚያስገባ የዛሬው እንጀራ ሳይሻግት ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፤ ማታ በውኃ ርሶ፣ በርበሬና ጨው ከተገኘ ተነስንሶበት ይበላል። ከአምስት ቤት የመጣ አምስት ዓይነት እህል በአንድ ላይ ሲርስ የሚሰጠው ጣዕም ከአንደኛውም ቤት ሌማት ላይ አይገኝም። በዚያ ያለፉ ሽማግሎች ስለዚህ ጣዕም ሲያወሩ እያማረሩ ይሁን እየናፈቁ መለየት ያስቸግራል። ቅሉ በጠፍር ታስሮ ይንጠለጠላል፤ ቅል ድንጋይ ላይ አንዴ መውደቅ ይበቃዋልና እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው።

በትሩ ለውሻ ነው። የገጠር ውሻ ደበሎ ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ለተማሪም ከሽፍታ፣ ከጅብና ከብርድ ይልቅ የዕለት ጠላቱ ውሻ ነው። አዲስ ተማሪ ውሻውን ለመምታት ይሞክራል። የለመደው ግን አይመታም፤ ውሻውን ከመታ በኋላ የባለቤቱን ደጅ ምን ብሎ ይለምናል? በትሩን ወደ ኋላ ዝቅ አድርጎ ባቱን ይከላከልበታል፣ ጀርባውን ሳይሰጥ፣ ሳይሮጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ልመናውን ይጀምራል፤ ድምፁን የሰማች ባልቴት ወጥታ ውሻዋን እስክትገሥጽ ድረስ ጊዜ መግዛት ነው ሥራው። ሲብስበት ቁጢጥ ይላል፤ ውሻው ድንጋይ የሚያነሣ መስሎት ይሸሻል። የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ ባታቸውን ገልጠው ጠባሳ ማወዳደራቸው ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ጠባሳው የተገኘበትን አገር ስም ሁሉም ያስታውሰዋል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ወረንጦ በክር ታስሮ አንገት ላይ ይውላል፤ በባዶ እግሩ ቆላና ደጋ ለሚረግጥ ሰው ከዚህ የሚቀድም መሣሪያ የለም፣ በአንድ እሾህ መመርቀዝ ሳምንት ሊታጣ ይችላልና። መርፌና ክር፣ ምላጭ፣ እሳት መጫሪያ ባልጩት፣ በጨርቅ ቋጠሮ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት። ገሣ የሚይዝ ዝናብ የሚያገኘው ብቻ ነው። ገንዘብ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጽሕፈት የሚችል ክታብ ጽፎ ወይም የባለቤቱን ልጆች ፊደል አስቆጥሮ የሰነበተበትን ይከፍላል፤ ጉልበት ያለው አጨዳ ያግዛል።

መጽሐፍ ከባድም ውድም ነው። ብራና ላይ የተጻፈ አንድ ዳዊት ብዙ ፍየልና የብዙ ወር ጽሕፈት ይፈጃል፤ ድጓማ ለአንድ ሰው ሸክም ነው። ስለዚህ የመንገዱ ትልቁ ዝግጅት የተማሩትን በቃል ማጽናት ነበር። ሊነሣ ያሰበ ተማሪ ከመነሣቱ በፊት ያለውን ይፈትሻል፤ ያልጸና ዜማ ይዞ መውጣት የተቀደደ ስልቻ ይዞ እንደመውጣት ነው፣ በየመንገዱ ይፈሳል። ሲሄድም ዝም ብሎ አይሄድም። ዳገት ሲወጣ ዳዊቱን፣ ሜዳ ሲያገኝ ዜማውን ይከልሳል። እረኞች ተማሪ ማለፉን የሚያውቁት ሳያዩት ነው።

ካርታ የለም፤ መንገዱ በሰው አፍ ነው ያለው። ደንቡ የአንድ ቀን መንገድ ብቻ መጠየቅ ነው። ሩቁን የጠየቀ ሁለት ጉዳት ያገኘዋል፦ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅበታል፣ የተነገረውንም አያስታውሰውም። ስለዚህ የዛሬው ማደሪያ፣ የነገው ወንዝ፣ የመሻገሪያው መልካ ይጠየቃል። ከነጋዴ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ ተማሪ በገበያ ቀን ገበያ ይወጣል፤ የሚያሰጋ በረሃ ሲያጋጥመው ደግሞ ከሲራራ ነጋዴዎች ተጠግቶ ያልፋል። እነሱም ውዳሴ ማርያም የሚደግምላቸው ሰው አብሯቸው ሲያድር አይጠሉም።

ዐባይን መሻገር የዚህ ሁሉ ፈተና ነበር። ከጎጃም ወደ ሸዋም ሆነ ወደ ወሎ የሚሻገር ሰው ከብርዳማ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ በዚያው ልክ ደግሞ ማዶውን ይወጣል። ከታች ሐሩር፣ ወባና አዞ አለ። ምክሩ አጭር ነው፦ ሌሊት ተነሥ፣ ቆላው ውስጥ አትደር፣ ውኃውን ብቻህን አትግባ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ባይታወቅም ቆላ ያደረ ሰው በንዳድ እንደሚያዝ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱ የተሳሳተ፣ ጥንቃቄው ግን ትክክል ነበር። ዋና የማይችለው የወንዙ ዳር ሰዎች ሰብሰብ ብለው እስኪያሻግሩት ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አንድ ቀን ይሁን አምስት ቀን አይታወቅም። ቀን ቆጥሮ የወጣ ሰው በዚህ ይበሳጫል። ተማሪው ዳዊቱን ይደግማል።

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚከብደው አፍ ማስለመድ ነው። የድኻ ልጅም የባለርስት ልጅም እኩል ደጅ ይቆማል፤ የጌታ ልጅ ነኝ ብሎ ከልመና የሚቀር ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ክብር የለውም። «በእንተ ስማ ለማርያም» የምትለዋን ቃል የመጀመሪያ ቀን ከጉሮሮ ማውጣት ዐባይን ከመሻገር ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ የሚናገሩ አሉ። ልጁ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጀምራል፣ ድምፁ አይወጣም፣ ይመለሳል፣ ዞሮ ይመጣል። ከውስጥ «እግዜር ይስጥህ» ከተባለ የለም ማለት ነው፤ ሳይቀየም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሲመሽ ደግሞ ልመናው ማደሪያ ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ከተሰማ ገብቶ እግሩን ይታጠባል። በሩን የምትከፍተውም እንጀራውን የምትቆርሰውም ሴት ናት። ሴት ልጅ ግን በዚህ መንገድ አትወጣም ነበር፤ ቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ የተማሩት ከገዛ አባታቸው ነው።

ይህ አካሄድ የቆመው ደጁ ላይ ስለሆነ ደጁ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይቆማል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፣ እርሻ ቆመ፣ ቸነፈርና ረኃብ አገሩን አራቆተ። ለመነሻ የሚሆን በሶ ቢገኝ እንኳ ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚቆምበት ደጅ አልነበረም፤ ባለቤቱም ራሱ መንገደኛ ሆኖ ነበር። ሌላው መንገደኛ ወርቅ ቢይዝ፣ ቢታጠቅ፣ አጋሰስ ቢጭን ሊያልፈው ይሞክር ይሆናል። ተማሪው መጠባበቂያ ብሎ የያዘው ነገር ስላልነበረ የጓዙ ቅለት በዚያ ዘመን ሞቱ ሆነ። የቀለለ ጓዝን የሚያወድስ ሁሉ ይህን ማስታወስ አለበት።

ደኅና ቀን ከሆነ ግን ይደርሳል። የጉባኤ ቤቱ ተማሪዎች ከሩቅ አይተው ይወጣሉ፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል፣ ያለችውን ቅራሪ ያቀርቡለታል። ማደሪያው ተማሪዎች ራሳቸው የሚቀልሱት ትንሽ ጎጆ ነው፤ ቦታ ከሌለ እስኪቀልስ ከአንዱ ጋር ይዳበላል። በማግስቱ የኔታ ፊት ይቀርባል። ከማን ቤት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ካቆመበት እንዲቀጥል ይታዘዛል። ያኔ ሲሸከመው የኖረው ይመዘናል፤ በቃሉ የጸናው ካለ ይቀጥላል፣ በመንገድ የፈሰሰ ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ ከትናንሾቹ ጋር ይቀመጣል።

ዛሬም በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ይህ ተማሪ አለ። ብዙው መንገድ በአውቶቡስ ሆኗል፤ የቅሉን ቦታ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የአኩፋዳውን ፌስታል፣ የባዶ እግሩን ኮንጎ ጫማ ወስዶታል። ፌስታል አየር ስለማያስገባ እንጀራው በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፤ ይህን የተማሩ አንዳንዶች ወደ አኩፋዳው ተመልሰዋል። መምህሩ መኖር አለመኖራቸው በስልክ ተጠይቆ ይታወቃል። በትሩ ግን እንዳለ ነው፤ ውሻው አልተለወጠም።